ሠላሳ ዘጠነኛው ቃል

በኦሪስታኖ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ በአንዲት ማተሚያ ቤት
ባኪዚዮ ፊደል ሲለቅም ኖሯል፤ ሃያ ሁለት ዓመት።
የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ማስታወቂያ፣ የወይን ጠርሙስ ስም፤
ከእርሳስ ፊደሎቹ ሣጥን ላይ ቀና ብሎ አያውቅም።
ከተማው የሚያውቀው በአንድ ነገር ነው፦
ነጥብ ያለ ቦታዋ ብትገባ እንቅልፍ የሚነሣው።

ዛሬ ግን ካሊያሪ ነው፤ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ፎቅ።
ከአሱንቲና አልጋ በላይ ደም ተሰቅሎ
ጠብ ይላል ወደ ክንዷ፣ ቀስ ብሎ፣
በየሦስት ሳምንቱ፣ ከማታውቀው ሰው ተቀድቶ።

ዶክተር ሎዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣
የጓንት ካርቶን ገልብጣ ጀርባው ላይ መሣል ጀመረች።
«አንተ የምታውቀው ሥራ ነው» አለች።

«ሴሉ ጓዳ አለው፤ በጓዳውም አንድ መጽሐፍ፣
በአራት ፊደል ብቻ ተጽፎ ለአንድ ሰው ሙሉ የሚተርፍ።
መጽሐፉ ከጓዳ አይወጣም፤ የተፈለገው ገጽ ይገለበጣል፤
ቅጂው አር ኤን ኤ ይባላል፤
ስስ ነው፣ ዕድሜው አጭር ነው፣ በቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል።
እደጅ ራይቦዞም ይጠብቀዋል።»

«ለቃሚው?»

«ለቃሚው። ሦስት ሦስት ፊደል ያነባል፤ ሦስቱ አንድ ቃል ነው።
ለየቃሉም ተሸካሚ አለው፤
እሱም አር ኤን ኤ ነው፤ በአንድ ጫፉ ቃሉን ይገጥማል፣
በሌላው አሚኖ አሲድ አንጠልጥሏል።
ካልገጠመ ይመለሳል፤ ከገጠመ አራግፎ ይሄዳል፣
ሌላው ይተካል፣
ዶቃ ከዶቃ ይሰካል፣
መቶ አርባ ስድስት ሲሞላ ክሩ በራሱ ይጠቀለላል፤
ግሎቢን ነው፤ ከአቻዎቹ ጋር ተቃቅፎ
የምንተነፍሰውን ይሸከማል።»

«ማን ነው በቃ የሚለው?»

«ተሸካሚ የሌለው ቃል። እዚያ ሲደርስ ያቆማል፤ ነጥብ ነው።»

(በነሱ አጻጻፍ አንድ ነጥብ ናት፤ በኛ አራት፤
የመጽሐፉም ፊደል አራት፤
እኔ በኛው ስም ልጥራት።)

ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ።
«በአሱንቲና ቅጂ ላይ ሠላሳ ዘጠነኛው ቃል
ሲ፣ ኤ፣ ጂ መሆን ነበረበት።
ሲ ወጥታ ዩ ገብታለች።
ዩ፣ ኤ፣ ጂ።
አራት ነጥብ።
ሠላሳ ስምንት ዶቃ፤ መቶ ስምንቱ ሳይሰካ።
ሴሉም ነቅቶ ያያል፤ እንዲህ ያለውን ቅጂ አይወድም፤
ቀዶ ይጥለዋል፤ ግማሹም አይተርፍም።»

ባኪዚዮ የጣቱን ጥቁር አየ፤ ለረጅም ጊዜ አየ።
ማን ለቀመው ሊል ነበር፤
አላለም። መልሱን ያውቅ ነበር፦
አንዱን እሱ፣ አንዱን ሚስቱ፤
ሁለት ጤነኛ ሰዎች፣ አንዳንድ ስሕተት በየደረቱ።

አባቱ ያወራው ትዝ አለው፤ ረግረጉ ሳይደርቅ፣
ወባ በየቤቱ ሬሣ ስትቆጥር፣
ይቺን ፊደል በአንድ ወገን ብቻ የያዘ
ትኩሳቱን ተሻግሮ ይኖር ነበር፤ እንዲህ ይላሉ።
አያቶችን ያተረፈች ፊደል
በልጅ ልጅ ክንድ ላይ ሒሳቧን ልትቀበል።

«አባ» አለች፤ «አንብብልኝ፤ ነገ ለመምህር ማርጋሪታ የምሰጠው ነው።»
የትምህርት ቤት ደብተር፤ ሦስት ገጽ፤ ርእሱ «ሐይቁ»፤
ያለፈው ሳምንት ጽሑፏ ዳር በቀይ ብዕር፦ «ነጥብ የታለ?»
እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፤ ከልማዱ።
መጀመሪያው መስመር፤ ሁለተኛው፤
ሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ።

እርሳሱን ወደ ጆሮው መለሰው።

ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፤ ደሙ ጠብ እያለ፦
«ጠዋት ሄድን እና ውሃው ጨው ጨው ይላል እና
ቀያይ ወፎች በአንድ እግር ቆመው ነበር እና
መቁጠር ጀመርኩ እና ሲበሩ ጠፋብኝ እና
እንደገና ጀመርኩ እና ሌላ መጣ እና